የዊድቢው መድፍ ጠባሳ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲያትል ነው። በቅርቡ ቤተሰቤን ይዤ ዊድቢ ደሴት ላይ ወዳለው የፎርት ኬሲ መናፈሻ ሄጄ ነበር። እዚያ ሁለት ግዙፍ መድፎች አሉ፤ ብረታቸው ላይ በጥይት የተመታ የሚመስል ጉድጓድ አየን። አብሮን የነበረ ወዳጃችን ‹በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች እዚህ ድረስ መጥተው ነበር፤ ይህ ምሽግ ነው ተዋግቶ የመለሳቸው› አለን። ልጄ ደግሞ ‹ባትሪ ወርዝ› የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ የኤሌክትሪክ ባትሪ ይመረትበት የነበረ ቤት መስሎታል። አሁን የሰፈራችንን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት ልጆች ወደዚያ ልንወስድ አስበናል። ታሪኩ እውነት ነው? እንዲህ ያለውን ምሽግ ለምን ትተውት መናፈሻ አደረጉት? ልጆቹንስ ምን ብለን እናስጎብኛቸው?»

ምላሽ፦ ወዳጅዎ የነገሩዎት ታሪክ እውነት አይደለም። ፎርት ኬሲ በኖረበት ዘመን ሁሉ በጠላት መርከብ ላይ አንዲት ጥይት አልተኮሰም። የጃፓን መርከቦችም ምሽጉ ይጠብቀው ወደነበረው የባሕር ሰርጥ ደርሰው አልተመለሱም። ጠባሳው ግን እውነተኛ ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠባሳም ነው። ወዳጅዎ ጦርነቱን አልሳቱትም፤ የሳቱት ቦታውን ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዛሬ በባትሪ ወርዝ ላይ የቆሙት ሁለቱ ባለ 10 ኢንች መድፎች ፎርት ኬሲ ሲሠራ የነበሩት አይደሉም። የመጡት ከፊሊፒንስ ነው። በሱቢክ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ግራንዴ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። አሜሪካኖች ፊሊፒንስን ይገዙ በነበረበት ጊዜ በደሴቲቱ ላይ ፎርት ዊንት የሚባል ምሽግ ሠርተው ነበር። በዲሴምበር 1941 ጃፓኖች የፊሊፒንስን ትልቁን ደሴት ሉዞንን ሲወርሩ የምሽጉ ጦር ግራንዴን ለቅቆ በሉዞን ወዳለው ወደ ባታን ልሳነ ምድር አፈገፈገ። ጃፓኖች ግራንዴን ያዙ፤ አሜሪካኖች የተመለሱት በ1945 መጀመሪያ ነው። መድፎቹ ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው ቆመው ነበርና የጦርነቱ ፍንጣሪ ያገኛቸው በዚያ ዘመን ነው። ጦርነቱ አልቆ ሁለት አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መገባደጃ ላይ፣ የዋሽንግተን ግዛት መናፈሻዎች አስተዳደር ተቀብሎ ውቅያኖስ አሻግሮ አመጣቸው። በዩናይትድ ስቴትስ ምድር ላይ ተሰውሮ በሚነሣ ሰረገላው (መድፉን ከግንብ ጀርባ ዝቅና ከፍ በሚያደርገው ተሸካሚ) ላይ እንደ ተቀመጠ የቀረ ባለ 10 ኢንች መድፍ ከእነዚህ ጥንድ በቀር የለም። በመናፈሻው ውስጥ ያሉት ባለ 3 ኢንች ትንንሽ መድፎችም ከዚያው ከፎርት ዊንት የመጡ ናቸው።

ስለዚህ ያ ጉድጓድ የሚናገረው ስለ ሞቃታማ ደሴት እንጂ ስለ ቀዝቃዛው ዊድቢ አይደለም። ይህን ለልጆቹ ስትነግሯቸው ታሪኩ ያነሰ እንዳይመስላችሁ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ እውነተኛው ከወዳጅዎ ወሬ ይበልጣል።

የልጅዎ ጥያቄ ከወዳጅዎ ወሬ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው። በመድፈኛ ጦር ቋንቋ ባትሪ ማለት በአንድ አዛዥ ሥር አብረው የሚተኩሱ መድፎች ስብስብ ነው፤ እነርሱ የተተከሉበት የኮንክሪት ግንብም በዚያው ስም ይጠራል። ወርዝ ደግሞ የጄኔራል ስም ነው። ብርሃን የምናበራበትን ባትሪም አይርሱ። ከመድፎቹ በታች ያሉት ክፍሎች ቀትር ላይ እንኳ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆኑ፣ ያለ ባትሪ ባትሪ ወርዝ ውስጥ መግባት አይቻልም።

አሁን ወደ ምሽጉ አመጣጥ ልግባ። ፒውጀት ሳውንድ ከውቅያኖስ ወደ ምድር ውስጥ ዘልቆ የገባ ረጅም የባሕር ክንድ ነው፤ ሲያትልና ታኮማ ያሉት በዳርቻው ነው። በ1891 ብሬመርተን ላይ የባሕር ኃይል ጣቢያ ተቋቋመ። ትልልቅ የጦር መርከቦች ወደ እነዚህ ከተሞች የሚገቡበት ዋናው በር አድሚራሊቲ ኢንሌት ሲሆን፣ በጠባቡ ቦታ ስፋቱ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ አሜሪካ ስለ ወደቦቿ ትጨነቅ ነበር። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የጡብና የድንጋይ ምሽጎች ጠመዝማዛ ቦይ ባላቸው አዳዲስ መድፎች ሲፈራርሱ ታይቷል፤ የአውሮፓ መንግሥታትም በብረት የተለበጡ መርከቦች ሠርተዋል። በጦር ሚኒስትሩ በዊልያም ኤንዲኮት የተመራ ቦርድ በ1886 ባቀረበው ዘገባ የአገሪቱ ወደቦች በአዲስ ምሽግ እንዲታጠሩ አሳሰበ። ሥራው ወደ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ የደረሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ የፎርት ኬሲ ግንባታ የተጀመረው በ1897 ነው።

ስሙን ያገኘው ከጄኔራል ቶማስ ሊንከን ኬሲ ነው። የጦሩ መሐንዲሶች አለቃ ነበሩ፤ ተጀምሮ ለዓመታት ቆሞ የነበረውን በዋሽንግተን ከተማ ያለውን ረጅሙን የጆርጅ ዋሽንግተን ሐውልት ያስፈጸሙትም እርሳቸው ናቸው። ከኬሲ ጋር ሌሎች ሁለት ምሽጎች ተሠሩ፤ ከሰርጡ ማዶ ፖርት ታውንሴንድ አጠገብ ፎርት ዎርደን፣ በማሮውስቶን ደሴት ላይ ደግሞ ፎርት ፍላግለር። ሦስቱ ተኩሳቸውን አንድ ውኃ ላይ ስለሚያገናኙ «የእሳት ሦስት ማዕዘን» ይባሉ ነበር። አስጎብኝዎች ይህን ስም ይወዱታል። እኔ ብዙም አልወደውም፤ ያልነደደ እሳት ነውና።

መድፉ ራሱ ግን ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ብዙ ሰው አፈሙዙ ሥር ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣና ይሄዳል፤ ዋናው ብልሃት ያለው ከኋላና ከታች ነው። ርዝመቱ ከዘጠኝ ሜትር በላይ የሆነውና ሠላሳ ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ የተቀመጠው በሁለት ወፋፍራም የብረት ክንዶች ጫፍ ላይ ነው። የክንዶቹ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ወለሉ መካከል ባለው ጉድጓድ ውስጥ የተንጠለጠለ ከባድ የእርሳስ ጭነት ተሸክሟል። የገበያ ሚዛን ያየ ልጅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መድፉ ሲተኮስ የራሱ ምት ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ክንዶቹ ይተኛሉ፣ እርሳሱ ከጉድጓዱ ወደ ላይ ይሳባል፣ መድፉም ከግንቡ ጀርባ ዝቅ ብሎ ይሰወርና መቆለፊያ ይይዘዋል። ከባሕር ለሚያይ ሰው በዚያን ጊዜ የሚታየው ሣር የለበሰ ጉብታ ብቻ ነው። ወታደሮቹ የኋላ መዝጊያውን ከፍተው፣ ውስጡን ጠርገው፣ ሦስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ጥይት በጋሪ አምጥተው ይገፉታል፤ ከኋላው በከረጢት የታሰረውን ባሩድ ያስከትላሉ። ከዚያ መቆለፊያው ይለቀቃል። እርሳሱ ይወርዳል፣ መድፉም ያለ ሞተር፣ በራሱ ሚዛን፣ ከግንቡ በላይ ብቅ ይላል። የሠለጠነ ቡድን ይህን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰው ነበር።

ማነጣጠሩ ደግሞ የሒሳብ ሥራ ነበር። ተኳሾቹ በዓይን ገምተው አይተኩሱም። እርስ በርስ ተራርቀው በተሠሩ ሁለት ትንንሽ መመልከቻ ቤቶች ውስጥ የተቀመጡ ወታደሮች አንዱን መርከብ በመነጽር ይዘው፣ እያንዳንዳቸው የሚያዩበትን ማዕዘን በስልክ ወደ አንድ ክፍል ያስተላልፋሉ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የመርከቡ ቦታ ይሆናል። ጥይቱ አየር ላይ በሚቆይበት ጊዜ መርከቡ የት እንደሚደርስ ይሰላል፤ መድፉ የሚታዘዘው ለዚያ ለሚመጣው ቦታ ነው። በትምህርት ቤታችሁ ሦስት ማዕዘንን የሚጠላ ተማሪ ካለ እዚህ አምጡት።

ከመድፎቹ ሌላ አሥራ ስድስት ባለ 12 ኢንች ሞርታሮች ነበሩ፤ ዛሬ የሚታዩት ጥልቅ ጉድጓዶቻቸው ብቻ ናቸው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል አምሳያ ያየ ሰው መልካቸውን መገመት አይቸግረውም፦ አጭር፣ ወፍራም፣ አፉ ወደ ሰማይ የቀና። አሠራራቸው ግን በዘመናቸው የነበረውን የብረት ሥራ ሁሉ የያዘ ነው። የሞርታር ጥይት ወደ ላይ ወጥቶ በመርከቡ ወለል ላይ ይወርዳል፤ የጦር መርከብ ጎኑ በወፍራም ብረት ቢታጠርም ወለሉ ስስ ነበር። ሞርታሮቹ አራት አራት ሆነው አንድ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጡትም ባንድ ጊዜ ተኩሰው ጥይቱን በመርከቡ ዙሪያ እንዲበትኑት ነው።

ታዲያ «ለምን ትተውት መናፈሻ አደረጉት?» ላሉት ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ሰላም ስለ ሰፈነ» የሚል ነው። አይደለም። ምሽጉ ጊዜ ያለፈበት ገና አዲስ ሳለ ነው። ትልልቆቹ መድፎች ለሙከራ የተተኮሱት በ1901 ነበር፤ ጥይታቸው 13 ወይም 14 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበርና ለሰርጡ ከበቂ በላይ ነው። በ1906 ግን እንግሊዝ ድሬድኖት የተባለውን መርከብ ባሕር ላይ አዋለች፤ ከዚያ በኋላ የባሕር ኃይሎች ሁሉ ለትልቅ መድፍ ይሽቀዳደሙ ጀመር። በ1915 ባለ 15 ኢንች መድፍ የጫኑ መርከቦች ነበሩ። እንዲህ ያለው መርከብ ከኬሲ መድፎች እርቀት ውጭ ቆሞ ሊደበድብ ይችላል። የኬሲዎቹ ምላሽ መስጠት አይችሉም፤ ተሰውሮ የሚነሣው ሰረገላ ራሱ አፈሙዙ ከተወሰነ ማዕዘን በላይ ቀና እንዳይል ስለሚያግደው ጥይቱን አርቆ መላክ አይቻልም። መድፉን ከጠላት ዓይን የሰወረው ብልሃት እርቀቱንም ያሳጠረው እርሱ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አውሮፕላን ነበር። ባትሪ ወርዝ ላይ ቆማችሁ ቀና ብትሉ ሰማዩን ታያላችሁ፤ ጣሪያ የለውም። የሠሩት ሰዎች በ1890ዎቹ ከሰማይ የሚመጣ ነገር አለ ብለው እንዲያስቡ ማን ይጠብቅባቸዋል?

ስለዚህ መድፎቹ መነቀል የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የጦር ሜዳ መድፍ ይጎድላት ነበር፤ ከኬሲም መካከለኞቹ መድፎች ለዚያ ሥራ ተወሰዱ። የቀሩት ትልልቆቹም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብረታቸው ተፈልገው ወረዱ። ነገሩን ልብ በሉት፤ ወዳጅዎ ምሽጉ ጃፓኖችን መለሰ በሚሉበት ጊዜ ምሽጉ ለቁራጭ ብረት ይቆራረጥ ነበር። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም፤ ወታደር ይሠለጥንበት ነበር። ገደሉ ላይ ያለው ነጭ የመብራት ማማም የወታደር አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ ለጦሩ ውሾች ማሠልጠኛ አገልግሏል።

ስለዚህ ማማ ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ጎብኝ የምሽጉ ክፍል ይመስለዋል። መርከበኞችን ለመምራት ቦታው ላይ መጀመሪያ መብራት የተተከለው በ1861 ነው፤ ከምሽጉ በፊት ማለት ነው። ምሽጉ ሲመጣ የቀድሞው ማማ የቆመበት ቦታ ለመድፍ ስለተፈለገ ተነሣ። አሁን ያለው ጡብ ቤት በ1903 የተሠራው በካርል ሌይክ ንድፍ ነው። እርሱም አልቆየም፤ መብራቱ በ1922 ጠፋ። የፋኖሱ ክፍል በኋላ ተነቅሎ ወደ ሌላ ማማ ተወስዷል። እዚያ ገደል ላይ መብራቱም እንደ መድፉ የሥራ ዕድሜው አጭር ነበር።

ወደ መናፈሻነቱ ልመለስ። በ1950 የባሕር ጠረፍ መድፈኛ ጦር እንደ ክፍል ከአሜሪካ ሠራዊት ተሰረዘ። ምሽጉ ከ1953 በኋላ ለጦሩ ትርፍ መሬት ነበር። ግዛቱ የመድፍ ግንቦቹን ያቀፈውን ክፍል በ1955 ገዝቶ መናፈሻ አደረገው፤ የመኮንኖች ቤቶችና የወታደር ማደሪያው ያሉበትን ደግሞ የዛሬው የሲያትል ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ በ1956 ገዛው። ስለዚህ ከመናፈሻው ወጥታችሁ መንገዱን ስትከተሉ የምታዩዋቸው የሚያማምሩ ነጫጭ ቤቶች የመናፈሻው አይደሉምና እንደ መናፈሻው ግቢ አትግቡባቸው። የሦስቱ ምሽጎች ዕጣ አንድ ዓይነት አልነበረም። ፍላግለር በ1955 ግድም መናፈሻ ሲሆን፣ ዎርደን ግን እስከ 1971 ድረስ ሕግ የተላለፉ ወጣቶች ማረሚያ ሆኖ ቆይቶ በ1973 ነው ለሕዝብ የተከፈተው።

መሬቱን ያዳነው እንግዲህ የምሽጉ ክብር አይደለም። ጦሩ ለስድሳ ዓመት ያህል ይዞት ስለቆየ ማንም ሸንሽኖ አልሸጠውም፤ ባይይዘው ኖሮ ያ ገደል ባሕር በሚያዩ የግል ቤቶች ይሞላ ነበር። በዙሪያው ያለው የእርሻ ሜዳም በ1978 ኢቢስ ላንዲንግ በሚል ስም ብሔራዊ የታሪክ ጥብቅ ቦታ ሆነ፤ በአገሪቱ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ነው። ልጆቻችሁ ዛሬ የሚሮጡበት ሰፊ ሣርም የመድፎቹ ፊት እንዳይጋረድ ሲባል ከዛፍ የተጠበቀ መስክ ነው።

አሁን ወደ ጉብኝታችሁ። ከሦስቱ የቱ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፦ ለልጆች ፎርት ኬሲ። ዎርደን ማደሪያ ቤትና ረጅም የባሕር ዳርቻ ስላለው ለቤተሰብ ዕረፍት ይሻላል፤ ግንቦቹም ብዙ ናቸው፤ ትልልቅ መድፍ ግን የለውም፤ ባዶ ኮንክሪት ለአሥር ዓመት ልጅ አይናገርም። ፍላግለር ድንኳን ተክሎ ለማደር ጥሩ ነው።

ልጆቹን ከአፈሙዙ አታስጀምሯቸው። መጀመሪያ ወደ ታችኛው የጥይት ማከማቻ አስገቧቸው፤ ከዚያ ጥይቱ ወደ ላይ ይወጣበት የነበረውን ቦታ አሳዩአቸው፤ ከዚያ ደረጃውን ወጥተው መድፉን ከኋላው ይዩት። በመጨረሻ ወደ ፊት ወስዳችሁ ጠባሳውን በእጃቸው አስነኳቸውና ስለ ግራንዴ ደሴት ንገሯቸው። በዚህ ቅደም ተከተል ሲሄዱ መሣሪያውን ከገባቸው በኋላ ነው ቁስሉን የሚያዩት። በበጋው ወራት በጎ ፈቃደኛ አስጎብኝዎች ስለሚኖሩ ቀኑን አስቀድማችሁ ከመናፈሻው ጠይቁ።

ስለ አደጋው ግን ቀለል አድርጌ አላልፍም። ግንቦቹ የተሠሩት ለወታደር እንጂ ለልጅ አይደለም። ከላይኛው ወለል እስከ ታችኛው ድረስ ከአንድ ፎቅ የሚበልጥ ቁመት አለ፤ ብዙው ጠርዝ መከለያ የለውም። ኮንክሪቱ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ለአምስት ልጅ አንድ አዋቂ ይኑር፤ የእርሳሱ ጉድጓድ አጠገብና ሰረገላው ላይ መንጠላጠል አይፈቀድ፤ የገደሉ ጫፍ ከሥሩ የተቦረቦረ ሊሆን ስለሚችል ሣሩ እስከ ጫፉ ድረስ ቢቀጥልም አትመኑት። በየጨለማው ክፍል መሯሯጥ የሚያስደስታቸው እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ሰው ባትሪ ይዞ ይግባ።

ለመኪና የግዛቱን የመናፈሻ ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። ከሲያትል ስትመጡ ከመከልቲዮ ወደ ክሊንተን የሚያሻግረው መኪና ጫኝ ጀልባ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በበጋ ቅዳሜ ግን ወረፋው ከመሻገሪያው ይረዝማልና በማለዳ ተነሡ። ቡና ለማፍላት ከሰል የምትይዙ ከሆነ ደግሞ በደረቁ ወራት እሳት የሚከለከልበት ጊዜ አለ፤ ከመነሣታችሁ በፊት አጣሩና ክልከላ ካለ ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ይዛችሁ ኑ።